በሸሪካት ስለተቀበረው የዱቄት ወተት ጣሳ

ግንቦት 16 ቀን፣ ጁባ

ለክቡር ዶክተር ሠርፀ
የአባይ ተፋሰስ ቀጠና የኑክሌር ደኅንነት ስትራቴጂ ማስተባበሪያ ማዕከል ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ዶክተር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ ስትደርስዎ ጤናዎ እንደ ማዕከልዎ ጄኔሬተር ቀንም ሌሊትም ሳይቋረጥ፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ሳይጠፋ፣ ከቪየና ወደ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ ወደ ጁባ የሚያመላልስዎም አውሮፕላን በሰላም አንሥቶ በሰላም እያሳረፈዎ እንድታገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ከዚህ ቀጥሎ በወጉ መሠረት እኛም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን ማለት ነበረብኝ፤ ነገር ግን ደኅና ከሚለው ቃልና ከዘመዶቹ ሁሉ ጋር ከተጣላሁ ስድስት ሳምንት ሊሞላኝ ነው። ምክንያቱን ትዕግሥት ከሰጡኝ ከታች በተራ ቁጥር አስረዳለሁ።

ከፊትዎ ከማይጠፉት ትልልቅ ሰዎች መካከል እኔን ማስታወስ ስለሚከብድዎ ራሴን ላስተዋውቅ። የኔነሽ እባላለሁ። ቡሉክ በሚባለው የጁባ ሰፈር ምግብ ቤት ከከፈትኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ባለፈው የካቲት ማዕከልዎ ስለ ኑክሌር መሣሪያ መስፋፋት የሦስት ቀን ዐውደ ጥናት ሲያዘጋጅ ምሳውን ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። ክትፎው ላይ ሚጥሚጣ አነሰ ብለው ሁለት ጊዜ ያስጨመሩኝ፣ በመጨረሻው ቀንም እግዜር ይስጥልኝ እናቴ ብለው ያመሰገኑኝ ሴት ነኝ። በዕድሜ ቢያንስ አምስት ዓመት እንደሚበልጡኝ እያወቅሁ አሜን ብዬ ተቀብያለሁ፤ ከአክብሮት ነው ብዬ።

በአደባባይ መጻፌንም እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። በታሸገ ፖስታ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎ መልስ ስላላገኘሁ፣ ምናልባት ጥፋቱ የፖስታው ይሆናል በማለት አራተኛውን ያለ ፖስታ መላኬ ነው። የጁባ ሐበሻ ሁሉ በሚያነብበው የቴሌግራም ገጽ ላይ ይወጣል፤ በምግብ ቤቴ በር ላይም ይለጠፋል። ወዲያ ወዲህ ሳልል ጉዳዩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ላስቀምጠው፦ ሸሪካት በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከወንድሜ ከወልደጊዮርጊስ የብየዳ ቤት ጀርባ፣ አንድ ሜትር በማይሞላ ጉድጓድ ውስጥ፣ በዱቄት ወተት ጣሳ የተከደነ ገዳይ ጨረር የሚተፋ ብረት ተቀብሮ አርባ አንድ ቀን ሆኖታል፤ ይህን ነገር አንሥቶ የሚይዝበት ሣጥን፣ የሚለካበት መሣሪያና የሠለጠነ ሰው በዚህ ከተማ ውስጥ እስካሁን ያገኘነው በእርስዎ ቅጥር ግቢ ብቻ ስለሆነ፣ እባክዎን መጥተው ይውሰዱልን። ልመናዬ ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ምሬት ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ በራሪ ወረቀትዎ። ከዐውደ ጥናቱ ቀጥሎ ማዕከልዎ ለሐበሻው ማኅበረሰብ በአማርኛ ያሳተመውን ሦስት መቶ በራሪ ወረቀት ለደንበኞቼ እንዳድል ሰጥተውኝ ነበር፤ ትርጉሙንም ራስዎ መስመር በመስመር እንዳዩት በኩራት ነግረውኛል። ወረቀቱ እንዴት ያለ ወረቀት ነው! ወፍራም፣ የሚያብለጨልጭ፣ ውኃ የማያርሰው። መብራት በጠፋ ቁጥር ደንበኞቼ ፊታቸውን ያራግቡበት ነበር፤ ለዚህ አገልግሎቱ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ችግሩ የተጻፈበት ነገር ነው። በሽፋኑ ላይ በትልልቅ ፊደል የኑክሌር ደኅንነት ይላል፤ ገጹ ሲገለጥ ስለ ደኅንነት ሥርዓት፣ ስለ ደኅንነት ባህል፣ ስለ ደኅንነት ኃላፊነት ያትታል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ "እንዲህ ያለውን ዕቃ ያገኘ ማንኛውም ሰው ባስቸኳይ ለደኅንነት የማመልከት ግዴታ አለበት፤ በይዞታው የተገኘ በሕግ ይጠየቃል።"

ክቡር ዶክተር፣ እርስዎ ከአገር ከወጡ ስንት ዓመትዎ ነው? ለነቀፋ አይደለም የምጠይቅዎ፤ ቃላት እኛ ዘንድ ሲኖሩ ምን እንደደረሰባቸው የነገረዎ ሰው ያለ ስላልመሰለኝ ነው። አንድ ሐበሻ ስደተኛ ደኅንነት የሚለውን ቃል ሲያነብ የሚመጣበት፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ስሙን የማይናገር፣ ለአምስት ደቂቃ እንፈልግሃለን የሚል ሰው ነው። ለደኅንነት አመልክት ማለት ሰው አሳልፈህ ስጥ ማለት ነው፤ ወይም ራስህን። እዚህ ጁባም ቢሆን የዚህ ሥራ ሰዎች አሉ፤ ስማቸው ሲነሣ ጠረጴዛ ላይ ያለው ጨዋታ ይቆማል። እናም ወረቀትዎን ያነበቡ የኔ ደንበኞች፣ ነገሩ ገብቷቸው ሳይሆን እንዳይገባቸው ፈልገው፣ አጥፈው አስቀመጡት።

የፕሮቴስታንት ወገኖቻችንስ? ለእነርሱ ደግሞ ደኅንነት ማለት የነፍስ መዳን ነው። ካቶር ሰፈር በሚገኝ የኪራይ አዳራሽ ማዕከልዎ የግማሽ ቀን የደኅንነት ትምህርት ብሎ ማስታወቂያ ሲለጥፍ፣ ይህ ስም እነርሱ ዘንድ ሰው ከመጠመቁ በፊት የሚማረው ትምህርት ስም ስለሆነ፣ የጸሎት ቤታቸው መሪ ወንድም ታዲዮስ ሠላሳ አራት ምእመናን መጽሐፍ ቅዱስ አስይዞ መጣ። የእርስዎ ባለሙያ ስለ ዩራኒየም ሲያስረዳ አሜን ይሉ ነበር አሉ። ኦርቶዶክሱ የመናፍቃን ስብከት ነው ብሎ ቀረ፤ ነጋዴው የሰላዮች ስብሰባ ነው ብሎ ስልኩን አጠፋ፤ የመጡትም በተስፋ መጥተው ግራ ተጋብተው ተመለሱ። በአንድ ቃል ማኅበረሰቡን በሙሉ ከሦስት አቅጣጫ ማባረር የቻለ ሰው ከእርስዎ በፊት አላየሁም። አደገኛ ነው፣ አትንኩ፣ ራቁ፣ ደውሉልን ብለው ቢጽፉት ኖሮ ውኃ በጀሪካን የሚያዞረው ሰው እንኳ ይገባው ነበር፤ ግን ያን ያህል ቀላል ቃል ለዶክተር እንደማይመጥን እረዳለሁ።

ሁለተኛ፣ በወንድሜ ላይ ስለደረሰው። ወልደጊዮርጊስ በያጅ ነው። ሸሪካት፣ ከአባይ ድልድይ ማዶ፣ በቆርቆሮ በታጠረ ቤት ውስጥ የሰው በርና መስኮት፣ ሰው የሚያመላልስ የቦዳ ሞተር፣ የውኃ ቦቴ ይበይዳል፤ ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ይተኛል። በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት ማግስት፣ የነዳጅ ጋኖችን ብየዳ በጨረር ይመረምር የነበረ አንድ ድርጅት ለቆት ከሄደው ካምፕ አጠገብ ሲያልፍ ከአሸዋው ላይ አንዲት የምታብረቀርቅ ብረት አገኘ። ጣት ታህላለች፤ ጫፏ ላይ እንደ ሰንሰለት የሚተጣጠፍ ነገር አላት። በያጅ ሰው ጥሩ ብረት ሲያይ እንደሚሆነው ሆነ፤ እንዲህ የጠራ ሥራ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም እያለ ለቁልፍ መያዣ ሊያደርጋት ቀኝ ኪሱ ከተታት። ስድስት ቀን እዚያው ኪሱ ውስጥ ይዟት ዋለ።

በሁለተኛው ቀን አስታወከ። ምግብ አስጠላው፤ ራሱን አዞረው። ክቡር ዶክተር፣ ይህን ሲያነቡ እባክዎን አይሳቁ፤ ወንድሜ ጾሙ ነው የከበደኝ አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ የሚውል ሰው ነው፤ እኔም ዕድሜ ነው፣ አሁንስ ቀነስ አድርገው ብዬ ተቆጣሁት። በዚያ ሰሞን ጁባ ውስጥ ራሱን የሚያዞረው ኦርቶዶክስ ብዙ ስለነበረ የአንዱ ማዞር ከሌላው የተለየ መሆኑን ማንም ሊያውቅ አልቻለም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ዘንድ መጥቶ ሽሮ ሲጠብቅ የእርስዎን ወረቀት አንሥቶ ገለጠ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ፎቶግራፉ አለ። ኪሱ ውስጥ ያለችውን ብረት ቁርጥ ራሷን አየ። ስለዚህ ፎቶግራፉን የመረጠልዎን ሰው አመሰግናለሁ፤ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ከፎቶግራፉ በታች ያለውን ሲያነብ ግን ለደኅንነት አመልክት፣ በይዞታው የተገኘ ይጠየቃል የሚለውን አገኘ። የወልደጊዮርጊስ የመኖሪያ ፈቃድ ካለፈበት አራት ወር ሆኖት ነበር። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ወደ ሸሪካት ተመልሶ ብረቷን የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከድኖ፣ ሰው እንዳያይበት፣ ከሚተኛበት አልጋ ሥር ሸሸጋት። ሁለት ሳምንት በላይዋ ተኛ።

በዐውደ ጥናቱ ላይ፣ ምግቡን እያሞቅሁ ከአዳራሹ ጀርባ ቆሜ፣ ንግግርዎን ሰምቻለሁ። ግድግዳው ላይ በተዘረጋው የዓለም ካርታ ቀያይ ቀስቶች ከኃያል አገር ወደ ኃያል አገር ሲወረወሩ፣ የትኛው ሚሳይል በስንት ደቂቃ የት እንደሚደርስ ሲያስረዱ፣ የትኛው ስምምነት እንደፈረሰና የትኛው ሊፈርስ እንደተቃረበ ሲዘረዝሩ፣ የምሬን ነው፣ ጭልፋዬን አስቀምጬ ካርታውን ማየት ጀመርኩ። ደቡብ ሱዳን ላይ ግን አንድም ቀስት አላረፈም፤ እሰየው ብዬ ወደ ድስቴ ተመለስኩ። ካስተማሩን ውስጥ አንዱ ቃል በቃል ቀርቶልኛል፤ የኑክሌር ዘመን ሰላም የቆመው ሌላውን አስፈራርቶ በመግታት ላይ ነው ብለው ነበር። ይህ ስልት በዓለም ላይ ይሥራ አይሥራ የማውቀው የለኝም። በሸሪካት ግን እንደተመኙት ሠርቷል፤ ወንድሜን አስፈራርተውታል፣ እርሱም ተገትቷል።

ሦስተኛ፣ ስለ ማዕከልዎ በር። በሆሳዕና ዋዜማ ወልደጊዮርጊስ ቀኝ ጭኑ ላይ እሳት የላጠው የሚመስል ቁስል ይዞ እያነከሰ መጣ። ብየዳ አቃጥሎኝ ነው አለ። በክሊኒክ ራጅ የምታነሣ ዝማሬ የምትባል ደንበኛዬ በአጋጣሚ ምሳ ልትበላ ተቀምጣ ነበርና ቁስሉን አየች፤ ሱሪው ሳይቃጠል ሥጋው እንዴት ተቃጠለ ብላ ጠየቀች። ኪስህ ውስጥ ምን ነበር አለችው፤ ያኔ አልቅሶ ሁሉን ተናገረ። ዝማሬ የሥራዋን ያህል ታውቃለች፤ በማግስቱ ከሰፈሩ መካኒክ ከባልቻ ጋር ሸሪካት ሄዱ፤ የብየዳውን ረጅም መቆንጠጫ ይዘው፣ ሮጥ ብለው ገብተው ሮጥ ብለው እየወጡ፣ ጣሳውን ከአሮጌ የመኪና ባትሪ በወጣ እርሳስ ጠቅልለው ቀበሩት፤ ድንጋይ ጫኑበት። በእርስዎ ቋንቋ አደጋውን መቆጣጠር ይባላል መሰለኝ። በእኛ ቋንቋ ነገ ጠዋት የሚመለከተው ሰው እስኪመጣ ይባል ነበር።

በማግስቱ ሰኞ ማለዳ በማዕከልዎ በር ላይ ቆምኩ። ዘበኛው በጨዋነት ሙዲር ማፊ፣ ቡክራ አለኝ፤ አለቃ የለም፣ ነገ። በነጋታው ሄድኩ። ሙዲር ማፊ። ረቡዕ ሄድኩ። ሙዲር ማፊ። ግቢዎ ውስጥ የቆሙትን ሦስት ነጫጭ መኪኖች በአጥሩ ሽቦ ቀዳዳ እየቆጠርኩ ስንት ጠዋት እንደቆምኩ እኔና ዘበኛው እናውቃለን። በወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ ስደውል አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ከሰኞ እስከ ዓርብ ደውሉ ትላለች፤ ሰኞም ስደውል ይህንኑ ትለኛለች። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ወጣት ሠራተኛዎ ወጥቶ አዘነልኝና ነገሩን አስረዳኝ። ማዕከሉ የስትራቴጂ ማዕከል ስለሆነ ዕቃ የማንሣት ማንዴት፣ ማለት ሥልጣን፣ የለውም፤ ሣጥኑና መሣሪያው ለሥልጠና ማሳያ የመጣ ነው፤ ከግቢ እንዲወጣ የሦስት አገሮች ፊርማ ያስፈልገዋል አለኝ። እኔም ገባኝ። የእሳት አደጋ መኪና አለን፣ ነገር ግን ለትርኢት ነው እንደማለት ነው። ወደ ሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች ስሄድ ሁሉም ይህ ነገር የሚመለከተው የኑክሌሩን ቢሮ ነው ብለው ወደ እርስዎ መለሱኝ፤ በዚህ ረገድ ዝናዎ ከተማውን አዳርሷል።

አራተኛውን ቅሬታ በእርስዎ ላይ አላቀርብም። በራሴ ላይ ነው፤ ግን ቁጥሩ እንዳይዘለል እዚሁ እጽፈዋለሁ። ያን እሑድ ወልደጊዮርጊስ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከከተተ በኋላ ወደ ማድቤቱ በር መጥቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠይቆኝ ነበር። እታለም፣ ሰው አንድ ነገር አግኝቶ ለእነዚህ ሰዎች ቢያመለክት ምን ያደርጉታል አለኝ። ምን አገኘህ ብዬ አልጠየቅሁትም። ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ ደግሞ ላውቅም አልፈለግሁም። በዚህች ከተማ ሁለት ጊዜ ተኩስ ሲነሣ ሱቄን ዘግቼ መሬት ላይ ተኝቼ ያለፍኩት ያልተጠየቅሁትን ባለመናገር ነው። አርፈህ ሥራህን ሥራ፣ ለማንም አትተንፍስ አልኩት። እሺ ብሎ ሽሮውን ሳይጨርስ ሄደ።

እኔ ታላቁ ነኝ፤ የምለውን ይሰማል። ሦስት መቶውን ወረቀት በእጄ ያደልኩት እኔ ነኝ፤ ለወንድሜ ዝም በል ያልኩትም እኔ ነኝ። እርስዎ በወረቀት አስፈራሩት፣ እኔ በአፌ ጨረስኩት። ልዩነታችን እኔ ሌሊት እንቅልፍ አለመተኛቴ ብቻ ነው፤ እርስዎም የማይተኙ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አምስተኛ፣ አሁን ስላለንበት። ወልደጊዮርጊስ ሆስፒታል ነው። ቀኝ እግሩን ከጭኑ በላይ ከቆረጡት ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ቁስሉ ግን አልዘጋም። ደም አይሠራም አሉኝ ሐኪሞቹ፤ ሰውነቱ ራሱን መጠገን ትቷል። ድዱ ይደማል። ፀጉሩ ትራሱ ላይ ይቀራል። በየቀኑ የሚጠይቀኝ ግን ስለ እግሩ አይደለም፤ አንሥተውታል ወይ ነው የሚለኝ። ጉድጓዱ ያለበት ቦታ ከውኃ ቦቴዎቹ መቆሚያ ስልሳ እርምጃ አይሞላም፤ ሴቶች ከማለዳ ጀምሮ ጀሪካን ደርድረው ይቀመጡበታል። የእነዚያ ሴቶች ነገር ነው እረፍት የነሣው። እኔ ዓይን ዓይኑን እያየሁ በቅርቡ ያነሡታል፣ ዛሬ ነገ ነው እያልኩ እዋሻለሁ። አንድ ቀን ይህን ውሸት እውነት ያደርጉልኝ ዘንድ ነው ደጅዎን የጠናሁት፤ ወንድሜ እድን ይሆን አይልም፣ እኔም ይድን ይሆን አልልም፤ ግን ሰው መግደሉንና አለመግደሉን ሳያውቅ መሞት የለበትም።

እስከዚያው እንጠብቃለን። የማርያም ማኅበር አባላትና የታዲዮስ ጸሎት ቤት ሰዎች ቀንና ሌሊት በፈረቃ ይቆማሉ፤ በሃይማኖት አንድ ጠረጴዛ ላይ የማይቀመጡ ሰዎች በአንድ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው ጉድጓድ ሲጠብቁ ማየት ያስደንቃል፤ ይህንንም ለማዕከልዎ እንደ ስኬት ይመዝግቡት። በአማርኛ፣ በአረብኛ፣ በእንግሊዝኛ አትቅረቡ ብለን ሰሌዳ ተክለናል። ሰሌዳው ግን ሌላ ችግር አመጣ፤ ምንም የሌለበት ቦታ ጠባቂ አይቆምበትም የሚል ወሬ በሰፈሩ ተነሣ፤ ሐበሾቹ ወርቅ ቀበሩ ይላሉ። አንዳንዱ ቆም ብሎ ያያል። በአረብኛ ኬፍ፣ እንዴት ናችሁ ብሎን ዓይኑን ወደ ድንጋዩ ይልካል። ዝናቡም ገብቷል፤ አፈሩ በየቀኑ እየወረደ ነው። የሚያስፈራኝን ልንገርዎ፤ ኃያላኑ አገሮች ቦምባቸውን በሥራ ላይ ያሉ ወታደሮችና ሰባት ቁልፍ ይጠብቁላቸዋል ብለውን ነበር፤ የእኛን የሚጠብቁት አንድ ጃንጥላና ሁለት ጡረተኞች ናቸው።

ስድስተኛ ቅሬታ የለኝም። ምስጋና ነው የቀረኝ። ለሦስት ቀን ምሳ የመረጡን እርስዎ ነዎትና አመሰግናለሁ። ለሠራተኞቼ ለሰጧቸው ስድስት ኮፍያዎች አመሰግናለሁ፤ ፀሐይ ይከላከላሉ፣ ሌላ ጨረር ግን አይከላከሉም፣ እኔም ይህን አልጠበቅሁም። ዓለምን ከጥፋት ለማዳን ለሚያደርጉት ድካም አመሰግናለሁ፤ ዓለም ሰፊ ስለሆነች ሸሪካት ብትዘለል አይታወቅም። ስለ ሦስቱ ፊርማዎችም ሲያስቡልን ለቆዩበት አርባ አንድ ቀን እግዜር ይስጥልኝ። አንድ መኪና፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ሣጥን፣ ከድልድዩ ማዶ አርባ ደቂቃ። ከዚህ በላይ አልጠየቅንም፤ በዚህ ሳምንት ይምጡልን። ምሳውን እኔ እችላለሁ፤ ሚጥሚጣውንም እንደሚወዱት አደርገዋለሁ።

ከስትራቴጂዎ ስፋትና ከካርታዎ ውበት የተነሣ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ የጊዜዎን ውድነት እያወቅሁ ስላስረዘምኩብዎ ይቅርታ እየለመንኩ፣ ወደ ጉድጓዱ እስኪመጡ ድረስ ከበርዎ የማልጠፋ፣

የክቡርነትዎ ታዛዥ ምሳ አቅራቢ፣
የኔነሽ፣ የወልደጊዮርጊስ እኅት

ግልባጭ፦
ለማዕከልዎ ዘበኛ፣ በአርባ አንድ ቀን ውስጥ ሳያቋርጥ ላነጋገረኝ ብቸኛ ባለሥልጣን

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ሁለት ነገሮች ስለደረሱ ደብዳቤውን ሳልቀድ ልጨምራቸው። የመጀመሪያው የምሥራች ነው። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከማዕከልዎ የመጀመሪያው መልስ በኢሜይል ደረሰን፤ ጉዳዩ እንዲታይ ፈቃድ መገኘቱን ገልጾ፣ ከመኪናው መነሣት በፊት ተሞልቶ የሚመለስ ቅጽ አያይዟል። በተራ ቁጥር ሰባት ላይ ዕቃው በአሁኑ ሰዓት የሚገኝበትን ትክክለኛ ቦታ፣ ከዐሥር ሜትር ባልበለጠ ስሕተት እንድንገልጽ ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ አራት ሰዓት ላይ ባልቻ ከሸሪካት ደወለልኝ። ንጋት ላይ ከባድ ዝናብ ጥሎ ጠባቂዎቹ ተጠልለው ነበር፤ ሲመለሱ ድንጋዩ ወደ ጎን ተገፍቷል፣ እርሳሱም ጣሳውም የለም። የቆፈረው ሰው አካፋ አልነበረውም፤ የዐሥሩም ጣቶቹ ምልክት ጭቃው ላይ ይታያል ብሎኛል። ተራ ቁጥር ሰባትን ጁባ ብለን ሞልተን ልከናል።